አልምልም ያለችው ጎረቤቴ

የአከራያችን የአንገት ወርቅ መጥፋቱ የታወቀው የማርያም ጽዋ ማኅበር እሳቸው ቤት በተጠጣ ማግስት ነው። ለሥራ ልወጣ በሬን ስቆልፍ ከዋናው ቤት ጩኸት ሰማሁ። ሰው የሞተ መስሎኝ ቁልፉን እዚያው በሩ ላይ ትቼ ሮጥኩ። እማማ፣ ሁላችንም የምንጠራቸው እንዲያ ነው፣ ቁም ሳጥናቸውን ከፍተው፣ ልብሱን ሁሉ አልጋው ላይ ዘርግፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

«ሟች ያደረገልኝ ነው!» ይላሉ ደረታቸውን እየደቁ። «ሟች በሠርጋችን ቀን በገዛ እጁ አንገቴ ላይ ያደረገልኝ! ትናንት ጠዋት እዚህ ነበር፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ!»

ልጃቸው ከኋላቸው ቆሞ ትከሻቸውን ይዟል። «ተረጋጊ እማዬ፣ ይገኛል» ይላል። አልተገኘም። ፍራሹ ተገለበጠ፣ የጓዳው ጆንያ ሁሉ ተፈተሸ፣ የቆሻሻ ማጠራቀሚያው ሳይቀር ተደፋ። ከሰዓት በኋላ እማማ ማልቀሳቸውን ተዉ። ይህ ከልቅሷቸው ይልቅ አስፈራኝ፤ ዓይናቸው ከአንዳችን ወደ ሌላችን መዞር ጀምሮ ነበር።

ያኔ የምንኖረው ሀና ማርያም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ባለው ቁልቁለት ላይ ነው። እማማ በዋናው ቤት ከአንድ ወንድ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ልጃቸው ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ በስልክ የሚጠራ ታክሲ የሚነዳ ዝምተኛ ሰው ነው። ከጀርባ አጥሩን ተደግፈው የተሠሩ ሦስት የኪራይ ክፍሎች አሉ። አንደኛው ውስጥ እኔ ብቻዬን። መሃለኛው ውስጥ ከሆሳዕና አካባቢ የመጡ ባልና ሚስት፤ እሱ ሴራሚክ ያነጥፋል፣ እሷ ልብስ ትሰፋለች፤ ጴንጤዎች ናቸው። ጥግ ላይ ባለው ክፍል ደግሞ የስልጤ አገር ሰዎች፣ ሙስሊም ባልና ሚስት፤ አስፋልቱ ዳር ባለች ሱቃቸው የፕላስቲክ ዕቃ ይሸጣሉ። ውኃ በፈረቃው ስትመጣ ሁላችንም ከአንድ ቧንቧ እንቀዳለን። በበዓል አንዳችን ለሌላችን ዳቦ እንቆርሳለን። ሥጋው ብቻ ነው የማይሻገረው፤ እሱንም ሁሉም ያውቀዋል፣ የሚቀየም የለም።

እኔ መካኒሳ አቦ አካባቢ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። የአንዱን ሕዝብ ወግ በሌላው ሕዝብ ሚዛን መመዘን ስህተት እንደሆነ ለልጆቹ ስነግር ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም ነበር። የገዛ ግቢዬን አነሳለሁ። «አንድ ቧንቧ፣ ሦስት ጸሎት» እላቸዋለሁ። ይህችን አባባል እወዳት ነበር።

የሰው ጥርጣሬ ሄዶ ያረፈው ልብስ ሰፊዋ ላይ ነው። ለጽዋው ቀን ብለው እማማ አዲስ መጋረጃ አሰፍተዋት ነበር። በድግሱ ዕለት ጠዋት መጋረጃውን አምጥታ ስትሰቅል እማማ ወጡን ሊያዩ ወጥተው፣ መኝታ ቤቱ ውስጥ ብቻዋን ቆይታለች። ይህን እሷም አልካደችም። «አዎ፣ ብቻዬን ነበርኩ። ቁም ሳጥኑን ግን አልነካሁም» አለች። ነፍሰ ጡር ናት፤ ሆዷ ገፍቷል። ስትናገር አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ነው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች መጡ። የዕድራችን ዳኛ፣ ጡረታ የወጡ ረጅም ሰው፣ ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ግቢው መሃል ወንበር ተደረደረላቸው። ጎረቤትም በአጥሩ ቀዳዳና በበሩ ተሰብስቧል።

«ለፖሊስ ብናመለክት» አሉ ዳኛው፣ «ጥፋት ያለበትም የሌለበትም ይንገላታል። እኛ ለእንዲህ ያለው ነገር ከአባቶቻችን የወረስነው መላ አለን። መሐላ ነው። በማንም ሃይማኖት አንገባም። እያንዳንዱ በሚያምንበት ይማል። የማለ ንጹሕ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። በሐሰት የማለ ደግሞ ዳኛው ሌላ ነው።»

እውነቱን ለመናገር ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ሁሉም በራሱ ወግ፣ በራሱ ሚዛን። ክፍል ውስጥ የማስተምረው ነገር ዓይኔ ፊት ግቢያችን መሃል ቆሞ መሰለኝ።

ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጠፈ፤ የእመቤታችን ሥዕል ተቀመጠ። ባለ ሱቁ የራሳቸውን ቅዱስ መጽሐፍ በአረንጓዴ ጨርቅ ጠቅልለው አመጡ።

«ከልጄ ይጀመር» አሉ እማማ። «አድልታለች እንዳልባል።»

ልጃቸው ቀርቦ እጁን ሥዕሉ ላይ አደረገ። «ወርቁን ወስጄ እንደሆነ እንደ ጧፍ ያቅልጠኝ፣ እንደ ጨው ያሟሟኝ» አለ። ድምፁ ደርቋል። ቀጥሎ እኔ ማልኩ። ባለ ሱቁና ባለቤታቸው ታጥበው መጥተው፣ እጃቸውን መጽሐፉ ላይ አድርገው «ወላሂ» አሉ። ከዚያ ዳኛው ወደ መሃለኛው ክፍል ሰዎች ዞሩ።

«ነይ ልጄ። ያንቺንም መጽሐፍ አምጪና ማዪ።»

አልተነሳችም። «አባባ፣ ወርቁን አልወሰድኩም።»

«እሱን ማዪበት ነው የምልሽ።»

«መማል በእምነቴ የለም። አልወሰድኩም ካልኩ አልወሰድኩም ነው። ከዚህ በላይ የምጨምረው ቃል የለኝም።»

አጥሩ ላይ ማጉረምረም ተነሳ። ዳኛው እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙ። «ንጹሕ ሰው መሐላ አያስፈራውም» አሉ።

«ወርቁ አያስፈራኝም አባባ። የሚያስፈራኝ መማሉ ነው።»

ባለ ሱቁ በደግነት ጣልቃ ገቡ። «እህቴ፣ እኛ ዘንድ የተከሰሰ ሰው፣ ምስክር ካልተገኘበት መሐላ ነጻ ያወጣዋል። የተሰጠሽ በር ነው፤ ለምን አትወጪበትም?»

«ለእርስዎ በር ነው። ለእኔ ግድግዳ ነው» አለች።

ባሏ ፊቱ ጠቁሯል። ጎንበስ ብሎ በቋንቋቸው አንሾካሸከላት። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ቆሞ «እኔ ስለ ሁለታችንም እምላለሁ» አለ።

«ስለ እኔ እንዳትምል!» ብላ እጁን ያዘችው። ሁሉም ሰው ፊት፣ ባልና ሚስት እጅ ለእጅ ተያይዘው ለቅጽበት ተፋጠጡ። እሱ እጁን አላቅቆ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። አልማለም።

«አያችሁ!» አሉ እማማ ብድግ ብለው። «አያችሁ ወይ ሰዎች! ፈራች!»

ዳኛው ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር ተመካክረው ተናገሩ። እስከሚቀጥለው እሁድ ታስብበት። ካልማለች ግን ግቢውን እንዲለቁ፣ ዕድርተኛውም እንዲያውቃቸው ይደረጋል። እንዲያውቃቸው ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም ገባን። በአካባቢው ሌላ ቤት የሚያከራያቸው አይኖርም ማለት ነው።

በማግስቱ እማማ ጠሩኝ። «አንቺ አስተማሪ ነሽ፣ ጓደኛሽም ናት። አስረጃት» አሉኝ። ሳይሉኝም መሄዴ አልቀረም ነበር።

የስፌት መኪናዋ ጎን ተቀምጣ የአንድ ልጅ ዩኒፎርም ጠርዝ በእጇ ትዘመዝማለች። ከመሐላው ወዲህ ወደ ክፍሏ የሚሄደው መስመር መብራት ጠፍቷል፤ ቆጣሪው ያለው ዋናው ቤት ውስጥ ነው። መኪናዋ በኤሌክትሪክ የምትሠራ ናት። ለምን እንደጠፋ እሷም አልጠየቀች፣ እኔም አልጠየቅኩ።

«እነሱ እውነትን የሚሰሙት በመሐላ ነው» አልኳት። «እንደ ቋንቋ ቁጠሪው። ስልጥኛ ለሚሰማ ሰው በስልጥኛ ብትነግሪው ምን አለበት?»

«ቋንቋ አይደለም» አለች መርፌዋን ሳታቆም። «ዛሬ ከማልኩ ሳልምል የተናገርኩት ሁሉ ምንድን ነው? ቀሚስሽ ሐሙስ ይደርሳል ስልሽ አልማልኩልሽም።»

«እኔ አውቅሻለሁ። እነሱ ግን በምን ይወቁ? መኝታ ቤት ውስጥ ያደረግሽውን ካንቺ በቀር ያየ የለም። ሰዎቹም የሚይዙት ነገር ይፈልጋሉ እኮ።»

ጨርቁን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ደግሞም» አልኳት፣ «ለእነሱ መማል ትክክል ነው፣ ላንቺ አለመማል ትክክል ነው። ሁለቱም በየራሱ...»

«አይደለም!» ቀና ብላ አየችኝ። «ለእነሱም ትክክል አይደለም። ለማንም ትክክል አይደለም።»

«እኔም እኮ ምያለሁ።»

«አውቃለሁ። እጸልይልሻለሁ።»

ደሜ ፈላ። ልረዳት መጥቼ እንደ ኃጢአተኛ ተቆጠርኩ። «እነሱ ሌባ ብለው ፈረዱብሽ፣ አንቺ ደግሞ በሁላችንም ላይ ትፈርጃለሽ። ታዲያ በምን ትሻያለሽ?» አልኳት። እንደ ወጣልኝ ተናግሬ ወጣሁ። በሩን ስዘጋ ትንሽ ጠበቅ አድርጌው ነበር።

ያ ሳምንት ከባድ ሳምንት ነበር። ለስፌት ጨርቅ የሰጧት ሴቶች አንድ በአንድ እየመጡ ያልተሰፋውን ወሰዱ። «ቸኩዬ ነው»፣ «ልጄ ሐሳቧን ቀየረች» ይላሉ፤ ዓይኗን የሚያይ የለም። ቧንቧው ጋ ስትደርስ ወሬ ይቆማል። የባለ ሱቁ ሚስት ብቻ ሳይናገሩ ጀሪካኗን ተቀብለው ሞልተው በሯ ላይ ያስቀምጡላት ነበር። ማክሰኞ ባልና ሚስቱ ሲጣሉ በግድግዳው ሰማሁ። እንድሰማው ይሁን አይሁን እንጃ፣ በአማርኛ ነው የጮኸው፦ «አንድ ቃል ነው! አንድ ቃል! ሆድሽ ውስጥ ካለው ልጅ ይበልጣል?» ከዚያ ወጥቶ ሄደ። ሥራ ቦታው ማደር ጀመረ።

ዓርብ ዕለት ከትምህርት ቤት ስወጣ ዝናብ ነው። መካኒሳ አቦ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ስበሰብስ አንድ መኪና አጠገቤ ቆመ። የእማማ ልጅ ነው።

«ግቢ፣ ወደ ቤት ነኝ» አለኝ።

ገባሁ። የፊት መብራቱ አንደኛው ተሰብሯል፣ ኮፈኑም ተጨማድዷል። ምን ሆነህ ነው አልኩት። «ረቡዕ ጠዋት ከምሰሶ ጋር ተጋጨሁ። ቆሞ ካለ ምሰሶ ጋር» አለ። መሪውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል። መንገዱ ተጨናንቆ ነበር። ጥቂት ከሄድን በኋላ መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። መጥረጊያው ብቻ ይመላለሳል።

«ቲቸር፣ ልጠይቅሽ። ሰው እያመነ በሐሰት ከማለ ምን ይሆናል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አልኩት። ልቤ ግን ቀድሞ አውቆ ነበር።

«እኔ ነኝ የወሰድኩት።»

ቀጥሎ የነገረኝን ያለ ማቋረጥ ሰማሁት። የሚያገባት ልጅ አለች። እናቱ ዘሯን አላውቅም ብለው አልወደዷትም። ሽማግሌ ሲልክ ለአንገቷ የሚያደርገውን ወርቅ እናቱን ለመናቸው፤ «የአባትህ ወርቅ እዚያች አንገት ላይ አይውልም» አሉት። በጽዋው ዕለት፣ እንግዶቹ ሳሎን ሲዘምሩ፣ መኝታ ቤት ገብቶ ወሰደው። ወርቅ ሠሪ ዘንድ ቀልጦ ሌላ ቅርጽ ወጥቶለታል፤ አሁን ልጅቷ ቤት ነው። ከየት እንደመጣ አታውቅም።

«ለእኔ የሚገባኝ ነገር ነው ብዬ ነው» አለ። «የአባቴ ነው። ስርቆት አልመሰለኝም። እጄን ሥዕሉ ላይ ሳደርግም ያው ነገ ይረሳል ብዬ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን እንቅልፍ የለኝም። በቤተ ክርስቲያኑ በር ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ። ከምሰሶው ጋር የተጋጨሁትም እዚያው ነው። ታውቂያለሽ? እሷ ታየኛለች።»

እመቤታችንን ማለቱ ነበር።

«ለእናትህ ንገራቸው» አልኩት።

«ረቡዕ ነግሬያታለሁ።»

«ምን አሉ?»

«እጇን አፌ ላይ አደረገች። ዝም በል፣ ለማንም እንዳትናገር አለችኝ።»

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ከረቡዕ ጀምሮ እማማ ሁሉንም እያወቁ መብራቱን አለመልቀቃቸው ትዝ አለኝ። «እሁድ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ። ያኔ ተናገር» አልኩት። «እማዬ ካልፈቀደች አልችልም» አለ። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው እንደ ሕፃን እያለቀሰ መኪናውን አስነሳ።

እንደደረስን በቀጥታ ዋናው ቤት ገባሁ። እማማ ሰፌድ ታቅፈው ምስር ይለቅማሉ። ፊቴን ሲያዩ ገባቸው። ሰፌዱን ግን አላስቀመጡም።

«ነገረሽ» አሉ።

«ነገረኝ እማማ።»

«እንግዲያው አብቅቷል። እሁድ ወርቁ ተገኘ እላለሁ። ፍራሽ ስር ወድቆ ነበር እላለሁ። ልጅቱም ትቀመጥ፣ አላስወጣትም።»

«ፍራሹ በዕለቱ ተገልብጦ ተፈትሿል፤ ሁሉም አይቷል። አሁን ተገኘ ሲሉ ሰው ምን ይላል? ፈርታ መልሳ ከተተችው ነው የሚለው። ከሌባም የባሰ ስም ነው።»

«የሚለውን ይበል።»

«እማማ፣ እውነቱን እያወቁ...»

«እውነት፣ እውነት ትያለሽ!» ሰፌዱን አስቀመጡ። «አልወለድሽም። የእናት እውነት ሌላ ነው። በእመቤቴ ሥዕል ላይ እጁን አድርጎ በሐሰት ማለ ብዬ ልጄን ዕድርተኛ ፊት ላቁመው? ማን ልጁን ይሰጠዋል? እኔ ስሞት ማን ከጎኑ ይቆማል? እሷ ነገ ሌላ ሰፈር ሄዳ ትኖራለች። እሱ የት ይሄዳል?»

ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። እስከ ዛሬም ቀላል ነው አልልም። እዚህ አገር ሐሰተኛ መሐላ ከሰው ላይ የሚፋቅ ነገር አይደለም፤ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ስም ነው። አሮጊቷ የሚከላከሉት የልጃቸውን ሕይወት ነበር። እኔም ሰው በየቆመበት ነው እውነትን የሚያያት ስል ነው የኖርኩት። አሁን ያንኑ ቃል ከእሳቸው አፍ ስሰማው አስደነገጠኝ። የእናት እውነት፣ የዕድር እውነት፣ የጴንጤ እውነት። ግን ወርቁን አንድ ሰው ወስዶታል፣ ሌላዋ አልወሰደችም። ይህ በማንም በኩል ቆመው ቢያዩት ያው ነው።

«እርስዎ ካልተናገሩ እኔ እናገራለሁ» አልኩ።

«ከተናገርሽ በኋላ እዚህ ግቢ አታድሪም» አሉኝና ሰፌዳቸውን አነሱ።

ቅዳሜን እንዴት እንደዋልኩ አላውቅም። ልብስ አጠብኩ፣ የታጠበውን መልሼ አጠብኩ። ልብስ ሰፊዋ ጋ ሄጄ ልነግራት ሁለቴ ተነስቼ ሁለቴ ተቀመጥኩ። ልጁ ራሱ እንዲናገር ዕድል ልስጠው ብዬ ነበር። ቢፈራስ? እናቱ የሆነ ቦታ ቢልኩትስ? በመስኮቴ መኪናው መቆሙን ደጋግሜ አየሁ።

እሁድ ወንበሮቹ ተደረደሩ። ሥዕሉም ተቀመጠ። ካለፈው የበለጠ ሰው መጥቷል። የልብስ ሰፊዋም ባል ተመልሶ ከጎኗ ተቀምጧል፤ ግን አይነጋገሩም። ልጁ ከእናቱ ወንበር ኋላ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ልጄ፣ አሰብሽበት?» አሏት ዳኛው።

ሆዷን ደግፋ ተነሳች። «አስቤበታለሁ አባባ። አልምልም። አልወሰድኩም።»

ዳኛው ተነፈሱ። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እማማ ቀደሟቸው። «ጋሼ፣ ይቅርታ። ወርቁ ተገኝቷል። ፍራሼ ስር ነበር።»

አጥሩ ላይ አንዷ ሴት «ታዲያ ማን ከተተው?» አለች፤ የሰው ዓይን ሁሉ እኔ እንደፈራሁት ወደ መሃለኛው ክፍል በር ዞረ። ልብስ ሰፊዋ አልገባትም ነበር። ፊቷ መጀመሪያ በደስታ በራ። ሰዎቹ እንዴት እንደሚያዩዋት ስታይ ነው ደስታዋ የጠፋው።

ተነሳሁ።

«ወርቁ ፍራሽ ስር አልነበረም» አልኩ። «እማማም ያውቃሉ። የት እንዳለ የሚያውቀው ከኋላቸው ቆሟል።»

ግቢው ታመሰ። እማማ ብድግ አሉ። «ማዪ!» ብለው ጮኹብኝ። «እሱ ምሏል! በእመቤቴ ምሏል! አንቺም ማዪና ተናገሪ!»

ዳኛው ወደ ጠረጴዛው አመለከቱኝ። «ከባድ ነገር ነው የተናገርሽው ልጄ። ማዪበት» አሉ።

ሄድኩ። ሥዕሉ ፊት ቆምኩ። ባለፈው እሁድ እዚያው ቆሜ ያለ ምንም ጭንቀት ምያለሁ። የተናገርኩት እውነት ነው፤ ብምል ሐሰት አይሆንብኝም። እጄን ዘርግቼ ግን መለስኩት። እኔ ከማልኩ ነገሩ የእኔ መሐላና የእሱ መሐላ ይሆናል። ሰው የሚመርጠው ከሁለታችን የማን ቃል እንደሚከብድ ነው፤ ወርቁን ማን እንደወሰደው ይረሳል። ይህን ያኔ እንዲህ ጥርት አድርጌ አሰብኩት አልልም። እጄ ብቻ ተመለሰ።

«አልምልም ጋሼ» አልኩ። «እሱ እዚህ አለ። ይጠየቅ።»

ዳኛው ቀስ ብለው ዞሩ። «ወንድሜ?» አሉት። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

እናቱ ክንዱን ያዙት። እሱ ግን ዓይኑ ሥዕሉ ላይ ነው። ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ግቢው መሃል፣ ጭቃው ላይ ተንበረከከ። «እኔ ነኝ» አለ። «በሐሰት ነው የማልኩት። እኔ ነኝ።»

እማማ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ከማንም ቀድመው የተንቀሳቀሱት የባለ ሱቁ ሚስት ናቸው፤ ልብስ ሰፊዋን ደግፈው ወንበር ላይ አስቀመጧት። ባሏ ጭንቅላቱን በእጁ ይዞ ያለቅሳል።

ሽማግሌዎቹ ያን ዕለት ሳያስታርቁ አልተነሱም። በወጉ መሠረት እናትና ልጅ ድንጋይ አንገታቸው ላይ ተሸክመው መሃለኛው ክፍል በር ላይ ይቅርታ ጠየቁ። ድንጋዩ ለእማማ ከባድ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ድንጋዩን ራሷ ከአንገታቸው አነሳች። «ይነሱ እማማ፣ ይቅር ብያለሁ» አለች። ቀጥላም፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ «እዚህ ግን አልኖርም» አለች። ዳኛው ሊያግባቧት ሞከሩ። እምቢ አለች።

በቀጣዮቹ ቀናት ሁሉም ነገሩን በየራሱ ፈታው። ዳኛው ለሰው ሁሉ «መሐላው ነው ያወጣው፤ መሐላ ዝም አይልም» ይላሉ። የልብስ ሰፊዋ ባል ጸሎት ነው አለ። ባለ ሱቁ ሱቃቸው ውስጥ ቆሜ ሳለሁ «አላህ የደካማን ሐቅ አያስቀርም» አሉኝ። ከልጁ ጋር መኪና ውስጥ ስለነበርኩ ዳኛው ጨርሰው አልተሳሳቱም ማለት እችላለሁ፤ ያ ሥዕል ባይኖር ኖሮ አይናገርም ነበር። እሷን ሊያባርር የነበረውም ግን ያው መሐላ ነው። ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ መያዝ አስቸግሮኛል፣ አሁንም ያስቸግረኛል። ወርቁን ማን ወሰደው በሚለው ላይ ግን ከሦስቱ ቤት የተለየ መልስ የሰጠ የለም።

ልጁ የንስሐ አባቱ የሰጡትን ንስሐ ፈጸመ፣ ብዙ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሲሰግድ አየዋለሁ። ሊያገባት ያሰባት ልጅ ወርቁን መለሰችና እሱንም ጭምር ተወችው። እማማ ከግቢ አላስወጡኝም። ሰላም ማለት ግን አቆሙ። ኪራዬን በልጃቸው እጅ ይቀበላሉ፣ ሳልፍ ፊታቸውን ያዞራሉ። በክረምቱ መጨረሻ እኔም ለቅቄ ወጣሁ።

ልብስ ሰፊዋ ከባሏ ጋር ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ቤት አገኘች። ስትወልድ ልጠይቃት ሄድኩ። ሴት ልጅ ናት፣ ደህና ናት። ባልና ሚስቱም ታርቀዋል፤ እሱ በሩ ላይ ተቀብሎኝ ዕቃዬን ተረከበኝ። በዚያ ሳምንት የተናገርኩሽን ይቅር በዪኝ አልኳት። «ረስቼዋለሁ» አለችኝ።

ከዚያ ትንሽ ቆይታ፣ ልጇን እያጠባች፣ «ያን ቀን ግን አልማልሽም። አመንሽበት ማለት ነው?» አለችኝ።

«አላመንኩም» አልኳት። «ነገ ፍርድ ቤት ቢጠሩኝ እምላለሁ። የባለ ሱቁም መሐላ፣ የዳኛውም ወግ ለእነሱ ስህተት ነው ብዬ አላምንም።»

«ስህተት ነው» አለች።

«አይደለም።»

«ነው።»

ባሏ ከጓዳ ሆኖ «ተዉ እንጂ፣ ልጅቷን ታስለቅሷታላችሁ» አለን። እኛ ግን አልተውንም። ሻይ እስኪቀርብ፣ ከቀረበም በኋላ፣ እየተከራከርን ቆየን። ሲመሽ ታክሲ እንዳያመልጠኝ ብዬ ተነሳሁ።